የቡድን ሕክምና መመሪያ ስንመርጥ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላል ያገራችን ሰው። በሽታውን ለማን እንደሚናገር ግን ተረቱ አያስረዳም።

ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ ወጣቶች ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን እያቋረጡ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጓዝ ከጀመሩ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በማላዊ ምዚምባ ከ25 በላይ አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ፖሊስ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገለጸ። ዜናው ያልፋል፤ ሐዘኑ ግን በየቤቱ ይቀራል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ በጥቂት በሚገኝበት አገር ስምንትና አሥር ሰው በአንድነት ማከም ብልህነት ነው። ጥያቄው ቡድኑን የሚመሩት ሰዎች በየትኛው መጽሐፍ ይሠልጥኑ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የአሜሪካዊው ኢርቪን ያሎም መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ሆኖም በአብዛኛው የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለማይተዋወቁ ታካሚዎች ነው። በሆሳዕና ግን የማይተዋወቅ ስምንት ሰው ከየት ይመጣል? አንዱ የአንዱ አማች፣ ሌላው የእድሩ ዳኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የቡድን ሕክምና መመሪያ ለእኛ ይቀርባል። ስምንት ሳምንታዊ ስብሰባዎች አሉት፤ ሐዘንን፣ ጠብን፣ የኑሮ ለውጥንና ብቸኝነትንም ይዳስሳል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ኡጋንዳ በ30 መንደሮች የተካሄደ ጥናት ነው። በዚያ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት መርቷል፤ ሕመሙም የተጠራው ገበሬው ራሱ በሚጠራበት ስም ነበር። የድብርት ምልክት የነበረባቸው ታካሚዎች ከ86 ወደ 6.5 በመቶ ሲወርዱ፣ ካልታከሙት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ አልለቀቃቸውም።

ይህም ቢሆን እንዳለ አይገለበጥም። ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣት የሚያሳፍረው ዕዳ አለበት። ልጇ የት እንደደረሰ የማታውቅ እናት ደግሞ ሞቱ ስላልተረጋገጠ ለቅሶ አትቀመጥም፤ እድሩም ድንኳን አይተክልላትም። ሁለቱን በአንድ ክብ ማስቀመጥ አንዱን ዝም ማሰኘት ነው።

የሕግ ጉዳይም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪምንና ጠበቃን የመሰለ ባለሙያ የሙያ ምስጢር እንዳያወጣ ያስገድዳል። በክቡ የተቀመጠው ታካሚ ግን ባለሙያ አይደለም። ወጣቱ የደላላውን ስም ሲጠራ የደላላው የእህት ልጅ አጠገቡ ቢኖርስ? እንግዲህ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት እያንዳንዱን ለብቻ ማነጋገርንና የምስጢር ቃል ኪዳን ማስገባትን የማያስተምር ሥልጠና ጎዶሎ ነው።

ሟቿ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ያስፋፉት የማኅበረሰብ ውይይት ሕክምና አልነበረም። ነገር ግን ስለ ሴት ልጅ ግርዛት በአደባባይ አይነገርም የተባለው ነገር፣ መሪው ከአካባቢው ሲሆንና ውይይቱ በራስ ቋንቋ ሲካሄድ እንደሚነገር አሳይቷል።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የክልሉ ጤና ቢሮ ሥልጠና ሲያስቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መመሪያው ለማን ተጻፈ? በሀዲይኛና በከምባትኛ ተሞክሯል? ምስጢሩንስ ማን ይጠብቃል? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ ያችን እናት ከክቡ መሐል አስቀምጦ “ተናገሪ” ማለት ተገቢ አይደለም።