ቤት ሸጦ መብረር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ለቅሶ ዓባይን ተሻግሬ ፍኖተ ሰላም ወርጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከቡሬ አቅራቢያ ካለ ገጠር የመጡ፣ በበርበሬና በበቆሎ ንግድ ጥሪት የቋጠሩ ገበሬ ናቸው። ጥቂት አንገራግረው፣ «ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጄ የፓይለትነት ወረቀቱን ከያዘ ዓመት አለፈው። ታዲያ አውሮፕላኑን የሚሰጡት መቼ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለሥልጠናው ሲሉ የባሕር ዛፍ ደናቸውን ለነጋዴ አስረክበዋል፤ መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነውና እርሻቸውን ለዓመታት ኮንትራት ሰጥተዋል፤ በመጨረሻም ፍኖተ ሰላም ላይ የሠሩትን ቤት ሸጠዋል። ልጁ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ልጆች ሒሳብ ያስጠናል።

አንባቢ ሆይ፣ ልጁን አውቀዋለሁ። ሥልጠናውን ከመጀመሩ በፊት ሊያማክረኝ ሲመጣ «አትፍራ፣ ድፈር» ብዬ የላክሁት እኔው ነኝ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም። ስለዚህ ወቀሳዬ ከራሴ ይጀምራል።

«የገበሬ ልጅ አይብረር ትላለህን?» የሚለኝ አይጠፋም። ይብረር እንጂ! የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር መሪውን የያዙት አሜሪካውያን ነበሩ፤ ዛሬ አብራሪዎችን እዚሁ አገር ውስጥ ያሠለጥናል። ይህ ኩራታችን ነው። ነገር ግን ይኸው ኩራት ሁለት በጣም የተለያዩ በሮችን አንድ አስመስሎ አሳይቶናል። አየር መንገዱ ለራሱ የሚመለምላቸውን ሠልጣኞች ወጪያቸውን ችሎ ያስተምራል፤ በምላሹ የአገልግሎት ውል ያስፈርማል፣ ዋስ ይጠይቃል። በራሱ ገንዘብ የሚሠለጥነው ግን የሚገዛው ፈቃድ ነው። ፈቃድና ሥራ ደግሞ ለየቅል ናቸው። በአገራችን የመንገደኛ ጄት አብራሪ የሚቀጥረው በዋናነት አንድ ተቋም ነው፤ ያም ተቋም የራሱን ሠልጣኞች ያፈራል። ማስታወቂያው ይህን አይነግራችሁም፤ የሚያሳያችሁ ነጭ ሸሚዝና የትከሻ ምልክት ነው።

ወጪውንም እንመልከት። የልጁ ክፍያ በዶላር ተሰልቶ በብር የሚከፈል ነበር። ለምሳሌ ያህል 40 ሺህ ዶላር እንበል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 2.3 ሚሊዮን ያህል የነበረው ሒሳብ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። በመሀል ቢያቋርጥ የከፈለው ሁሉ ሊቀር ነው። ቤቱ የተሸጠው ያኔ ነው።

ፈቃዱ ደግሞ እንደ እኔ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይኖርም። የሕክምና ምስክር ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በመሣሪያ እየተመሩ የመብረር ማረጋገጫውም በፈተና ይታደሳል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያላረፈ አብራሪ መንገደኛ ሊጭን አይችልም። ሥራ ያጣ አብራሪ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ለመቆየት እንኳ ይከፍላል! ወደ ውጭ ልውጣ ቢልስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖረው ታስገድዳለች፤ ልጃችን ከትምህርት ቤት የሚወጣው 200 ሰዓት ያህል ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት በዓለም ዙሪያ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች በሺዎች ሲሰናበቱ አዲስ ተመራቂ በሰልፉ የት ላይ እንደቆመ መገመት አያዳግትም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የሚከፍለው ግን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። በግሉ ለሚሠለጥን አብራሪ ይህ ውል አይደርሰውም። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሷል፤ ኪሳራው በአባትየው ጫንቃ ላይ ነው። ለመሆኑ ከተመራቂዎቻችሁ ስንቱ፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ የት ተቀጠረ? ይህን ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ስጡ። የሚቆጣጠራችሁ መሥሪያ ቤትም ያስገድዳችሁ። የክፍያውም ከፊሉ ተማሪው ከተቀጠረ በኋላ ከደመወዙ የሚቆረጥ ይሁን፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ቀጣሪ የማያገኝለትን ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ከአዛውንቱ ጋር የተለያየሁት «እጠይቅልዎታለሁ» ብያቸው ነው። እነሆ፣ ጠየቅሁ።