የግራው ረድፍ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከሞጣም ሆነ ከቢቸና ለታኅሣሥ 19 በዓለ ቅዱስ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። እስከ ደጀን፥ ከዚያም የዓባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ድረስ በአብዛኛው ለመሄጃ አንድ፥ ለመመለሻ አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲያመራ ግን በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የፍጥነት መንገድ ይቀበለዋል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ አለው። ሕጉ አጭር ነው፦ ዝግ ብሎ የሚሄድ ቀኙን ይይዛል፤ ግራው ለመቅደም ነው፤ የቀደመም ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ይመለሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተጓዝንበት አውቶቡስ ሾፌራችን ከመግቢያው ጀምሮ የግራውን ረድፍ ይዘው አልለቀቁም። ክፉ ሰው አልነበሩም። በእኛ አገር የመንገዱ ጠርዝ የእግረኛ፥ የገበያተኛ፥ የአህያና የበግ ነውና ርኅሩኅ ሾፌር ወደ መሐል ተጠግቶ ይነዳል። እርሳቸውም ያንኑ ርኅራኄ ይዘው እግረኛም እንስሳም ወደማይገባበት መንገድ ገቡ። በዚያ ግን ግራውን መያዝ ሌላውን መከልከል ሆነ።

ከኋላችን አምቡላንስ መጣ። እኛ ከበሮ እየመታን እንዘምር ስለ ነበር ድምፁን የሰማ የለም፤ የሾፌሩም ዓይን እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት እንጂ ስፖኪዮው ላይ አልነበረም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች እኅት ስትጮኽ ዞር አልን፤ አምቡላንሱ በቀኛችን በኩል በሁለት ከባድ መኪኖች መካከል ሾልኮ አለፈን። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በቀኝ የሚነዳ ሰው ደግሞ በዚያ በኩል የሚቀድመውን አይጠብቅም። በውስጡ የተኛው ማን እንደ ነበረ፥ በሰዓቱ ደርሶ እንደ ሆነም እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛ ግን ቁልቢ ደርሰን ስለታችንን አስገባን።

«ለበዓል የምንሄድ ነን፥ መንገዱን ልቀቁልን» የሚል ስሜት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። በመስታወቱ ላይ የቅዱሳን ሥዕል መለጠፉ እንኳ እንደ መብት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፥ አብርሃም ከሎጥ ሲለያይ ታላቁ እርሱ ነበረ፤ የምድሪቱም ተስፋ የተሰጠው ለእርሱ ነበረ፤ ሆኖም ግራውን ወይስ ቀኙን የሚለውን ምርጫ ለታናሹ ተወለት። እኛማ የምንተወው መብት እንኳ የለንም፤ የምንጠየቀው የተሰመረውን መስመር ማክበር ብቻ ነው።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ ከባድ መኪና ስንከተል «ይቅደሙት እንጂ» እያልን ሾፌሩን የምንወተውተው እኛው ተሳፋሪዎቹ ነን።

ለሚመጣው ጉዞ ከሾፌሩ አጠገብ ሆኖ ስፖኪዮውን የሚመለከት አንድ ወንድም እንዲመደብ፥ ከበሮውም በፍጥነት መንገዱ ላይ እንዲያርፍ ለጉዞ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ዘማርያኑ ቅር እንዳላቸው ሰምቻለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።