አንድ ያላት እንቅልፍ የላት
ስለ ማኅበራችን ትራክተር ክሩስኮት የቀረበ አስተያየት



እንደምታውቁት ማኅበራችን ያለው ትራክተር አንድ ብቻ ነው። አሮጌ ነው፤ ትንሽም ነው። ቢሆንም ለጎርፍ መውረጃው ድንጋይ የሚያመላልሰው፣ የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ በበርሜል የሚያደርሰው፣ በሬ ለሌላቸው ቤተሰቦች የድንችና የገብስ መሬታቸውን በቅናሽ የሚያርሰው እሱ ነው። ዛሬ ግን የዚህ ትራክተር ክሩስኮት ዓይኑ ጠፍቷል። የዘይቱ ጌጅ ዜሮ ላይ ተኝቷል። የውኃው ሙቀት ጌጅ መስተዋቱ ተሰብሮ ጠቋሚው ወልቋል። የናፍታውም የሰዓቱም አይሠሩም። ሾፌሩ የሚነዳው በጆሮውና በአፍንጫው ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ በሠፈሩ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ይሰማል። አንዳንዱ «ያለ ጌጅ ስንት ጊዜ ሠርቷል፤ ገንዘቡ ለጎማ ይዋል» ይላል። ሌላው «ክሩስኮቱ ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል ይገዛ» ይላል። ሦስተኛው «ይሸጥና እንገላገል» ባይ ነው። እኔ በሦስቱም አልስማማም። የእኔ አስተያየት የዘይትና የውኃ ሁለት ጌጆች ብቻ አዲስ ይገዙ፣ የቀረው በዱላና በደብተር ይሠራ የሚል ነው። ምክንያቴን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ዘይት። ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር የማይፋጨው በመካከሉ ዘይት በግፊት ስለሚያልፍ ነው። ዘይቱ ካነሰ፣ ፖምፓው ከደከመ ወይም ብሮንዚኑ ከሰፋ ግፊቱ ይወርዳል። ብዙዎቹ አሮጌ የናፍታ ሞተሮች ሞቀው ሥራ ላይ ሳሉ ከ2 እስከ 4 ባር ያሳያሉ፤ ጌጁ በፒ.ኤስ.አይ. የተጻፈ ከሆነ ከ30 እስከ 60 ገደማ መሆኑ ነው። ትክክለኛውን ልክ የሞተሩ መጽሐፍ ይናገራል። ግፊቱ ጠፍቶ ሞተሩ ሥራውን ከቀጠለ ብዙም ሳይቆይ ብሮንዚኑ ይበላል፤ ሲብስም ሞተሩ ተጣብቆ ይቀራል። ጎማ ሲያልቅ እኮ ሁላችንም እናየዋለን፤ ዘይት ሲጠፋ ግን ማን ያያል? ሾፌራችን ጆሮው ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጆሮ የሚሰማው ብሮንዚኑ ከቆሰለ በኋላ ነው። ጌጅ ቀድሞ ይናገራል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ሁለተኛ፣ ውኃ። አገራችን ከፍታ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 አካባቢ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ እኛ ዘንድ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውኃው ቶሎ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ያ ጥቅሙ ይቀራል። ከወረታ በዓለም በር በኩል ጭነት ይዞ ወደ እኛ የሚወጣ ሞተር፣ አቀበቱ ሙቀት ሲጨምርበት ከፍታው ደግሞ የመፍያውን ልክ ይቀንስበታል። ከፈላ በኋላ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የዚያን ወጪ ከአንድ ጌጅ ዋጋ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ከጌጁ ጋር አዲስ የራዲያተር ክዳን ይገዛ እላለሁ።

ከመግዛታችን በፊት ግን ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ አለ። ዜሮ ላይ የተኛው የዘይት ጌጅ ሞቶ ነው ወይስ እውነቱን እየተናገረ ነው? ይህ ሳይታወቅ ትራክተሩ መነሣት የለበትም። መካኒክ የራሱን መለኪያ በሞተሩ ላይ ገጥሞ ግፊቱን ያረጋግጥ። ሌላው ደግሞ ጌጅ ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሽቦው ይሆናል። ቫልቮላው ይታይ፤ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የማሳ ሽቦ ዝገቱ ይጠረግ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጌጅ ከሆነ ቁልፉ ተከፍቶ የሴንሰሩ ሽቦ ይነቀልና ለአፍታ የሞተሩን ብረት ይንካ። ጠቋሚው ወደ አንዱ ጫፍ ከሮጠ ጌጁም ሽቦውም ደኅና ናቸው፤ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ሁለቱ ጌጆች ያለ ባትሪ የሚሠሩ ሜካኒካል ቢሆኑ እመርጣለሁ። የዘይቱ በቀጭን ቱቦ ዘይቱን ራሱን ወደ ጌጁ ያመጣል። ቱቦው ቆርቆሮ በሚያልፍበት ላይ ጎማ ካልተደረገለት በንዝረት ተፈግፍጎ ይቀደዳል። የውኃው ጌጅ ከነቱቦው የታሸገ ነው፤ ቱቦው አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ስለዚህ ርቀቱ በገመድ ተለክቶ ይገዛ፤ የተረፈው ይጠቅለል እንጂ አይቆረጥ። የጥርሱ ልክ እንዳይሳሳት አሮጌው ዕቃ ተፈትቶ ወደ ሱቅ ይወሰድ። የግድ ኤሌክትሪክ ይሁን ከተባለ ጌጁና ሴንሰሩ አብረው ይገዙ። የማይመሳሰሉ ከሆኑ ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ይዋሻል። ከሞተ ጌጅ ደግሞ የሚዋሽ ጌጅ ይብሳል።

ኦሪጅናሉን ሙሉ ክሩስኮት የምቃወመው ጠልቼው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው በዚያው ልክ ከብዷል። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የተፈታ አሮጌ ክሩስኮት መፈለግም ይቻላል፤ ነገር ግን ስንት ዓመት የሠራ ጌጅ እንደሆነ ማን ያውቃል? ከዚህ ይልቅ የከተማችን ብረት ሠሪ ከላሜራ አዲስ ፊት ቆርጦ ሁለት ቀዳዳ ይብሳልን። ጋፋት እኮ ቅርባችን ነው። በ1859 ዓ.ም. ለአጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። መድፍ ለቀለጠበት አገር ሁለት ቀዳዳ አያቅተውም።

ናፍታው ምልክት በተደረገበት ንጹሕ ዱላ ይለካ። ሰዓቱ በደብተር ይያዝ፤ ሾፌሩ የተነሣበትንና የቆመበትን ይጻፍ፣ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ከዚያ ይቆጠራል። ይሸጥ ለምትሉት ደግሞ፣ ጌጅ በሌለው አሮጌ ትራክተር ሽያጭ ሌላ ትራክተር አይገዛም። በሬ የሌላቸው ጎረቤቶቻችንስ በክረምት ወዴት ይሂዱ?

የቀረው የሥልጣን ጉዳይ ነው። ሾፌሩ ላቁም ሲል የሥራው ባለቤት «አንድ ዙር ብቻ ጨርስልኝ» ይለዋል። ሾፌሩም ይሉኝታ ይይዘውና ይቀጥላል። እንዲህ ከሆነ ጌጅ መግዛቱ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ደንብ ይውጣ። የዘይቱ ግፊት ከወረደ ሾፌሩ ወዲያው ሞተሩን ያጥፋ። ውኃው ከልክ በላይ ከሞቀ ጭነቱን አቁሞ ያብርደው፤ ሳይበርድ ክዳኑን ማንም አይክፈት። ሊቀ መንበሩም ሆነ እኔ «ቀጥል» ልንለው አይገባም።

በመጪው ስብሰባ ከሦስት ሱቆች የመጣ ፕሮፎርማ ይቀርባል። ኮሚቴው ብቻ እንዲወስን አትተዉት። ትራክተሩ የሁላችን ነው፤ ቢሞትም የምንከፍለው ሁላችን ነን። መጥታችሁ ድምፅ ስጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ