የቾሰር መበለትና የላንግላንድ እናት

የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የጄፍሪ ቾሰር ስም ነው፤ ይህም የሚገባው ክብር ነው። በሳዘርክ ከታባርድ ማደሪያ ቤት ተገናኝተው፣ በ1170 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በሰይፍ የተገደለውን የሊቀ ጳጳሳት ቶማስ ቤኬትን መካነ መቃብር ለመሳለም ወደ ካንተርበሪ የሚጓዙትን ምእመናን፣ ከጸሎት ይልቅ አደን የሚወደውን መነኩሴ፣ አምስት ባሎች ያገባችውን የባዝ ከተማ ሴት፣ የዐሣማ አጥንት እንደ ቅዱሳን ዐፅም እያሳየ ሥርየተ ኃጢአት የሚቸረችረውን አታላይ፣ እንደ እርሱ አድርጎ በቃል የሣለ በዘመኑ አልተገኘምና። ነገር ግን «የካንተርበሪ ተረቶች» የተባለው ይህ መጽሐፉ የአገሪቱን ሕዝብ ከላይ እስከ ታች አንድም ሳያስቀር ያሳያል እየተባለ የሚደጋገመውን ውዳሴ ልቀበለው አልቻልሁም። በ14ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ብዙኃን እንዴት እንደ ኖሩ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ፣ ከቾሰር አስቀድሞ የዊልያም ላንግላንድን «አራሹ ፒርስ» የተባለውን የሕልም ቅኔ ሊገልጥ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ዘመኑ የመቅሠፍት ዘመን ነበር። በ1348 ከባሕር ማዶ የገባው ቸነፈር ከሕዝቡ ሢሶውን፣ እንደ ብዙ ሊቃውንት ግምትም እስከ እኩሌታው በጨረሰ ጊዜ፣ ከሞት የተረፈው ገበሬ የጉልበቱ ዋጋ እንደ ከበረ ዐወቀ፤ ባለርስቶቹም ይህንኑ ስላወቁ የሣልሳዊ ኤድዋርድ መንግሥት በ1349 በዐዋጅ፣ በ1351 ደግሞ በምክር ቤት ሕግ፣ ማንም ሠራተኛ ቀድሞ ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ በላይ እንዳይጠይቅ ከለከለ። በዚህ ላይ በ1377 በነፍስ ወከፍ 4 ፔኒ የነበረው ግብር በአራት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 12 ፔኒ ከፍ ቢል፣ በሰኔ 1381 የኬንትና የኤሴክስ ሕዝብ ተነሥቶ ሎንዶን ገባ፤ የላንካስተር መስፍን ቤተ መንግሥት ተቃጠለ፤ ሊቀ ጳጳሳቱ ሳይመን ሰድበሪም አንገቱን ተቀላ። የዐመፁ መሪ ዋት ታይለር ገና በ14 ዓመቱ በነበረው በንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ፊት በስሚዝፊልድ ተገደለ፤ ለሕዝቡ የተገባውም ቃል ሁሉ ታጠፈ።

ቾሰር ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ የሰማ ሰው አልነበረም። የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ተወልዶ፣ በመሳፍንት ቤት በአገልጋይነት አድጎ፣ ከ1374 እስከ 1386 በሎንዶን ወደብ የበግ ፀጉርና የቆዳ ጉምሩክ ተቆጣጣሪ በነበረበት ዘመን፣ መኖሪያው ከከተማዪቱ በሮች አንዱ በሆነው በአልድጌት ላይ ነበር፤ የኤሴክስ ዐመፀኞች የገቡትም በዚያው በር ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ምስክር ስለ ዐመፁ በግልጽ ያነሣው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ እርሱም ቀበሮ አውራ ዶሮ ነጥቆ ሲሮጥ የመንደሩ ሰው እየጮኸ ሲከተለው፣ ከዐመፁ መሪዎች አንዱ የሆነው ጃክ ስትሮና ጭፍሮቹ የፍላንደርስን ሰዎች ሲገድሉ እንኳ ይህን ያህል አልጮኹም ብሎ የሚቀልድበት ነው። ቀልዱ ያሥቃል፤ የታረዱት መጻተኞችና ያረዷቸው ሰዎች ግን በዚያ ሣቅ ውስጥ ድምፅ ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

የአውራ ዶሮው ባለቤት አንዲት ድኻ መበለት ናት። ቾሰር ሦስት ላሞችና ሦስት እንስት ዐሣማዎች ይሰጣታል፤ ቤቷ በጢስ የጠቆረ ነው፤ ወተትና ጥቁር እንጀራዋን በልክ እየበላች፣ ቁንጣንና ሪህ የሚባለውን የባለጸጎች ደዌ ሳታውቅ በኑሮዋ ረክታ ትኖራለች። ዐላማው በመኳንንት ማዕድ ላይ ማላገጥ እንደ ሆነ አይጠፋኝም፤ ቢሆንም ድኽነት ለጤና የሚስማማ ነገር የሚመስለው ለማይራብ ሰው ነው። ከተሳላሚዎቹ መካከልም አንድ አራሽ አለ፤ የደጉ ቄስ ወንድም፣ ዐሥራቱን የሚከፍል፣ እግዚአብሔርን የሚወድ ጻድቅ ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ብዙ ሲያወሩ ቾሰር ለእርሱ አንድ ተረት እንኳ አልጻፈለትም።

ላንግላንድ፣ ራሱ በቅኔው እንደሚነግረን፣ ከሚስቱ ጋር በሎንዶን በኮርንሂል በጎጆ የሚኖር፣ ለሰዎች ነፍስ መዝሙረ ዳዊት እየደገመ ጥቂት ምጽዋት የሚያገኝ ታናሽ ካህን ነበር። ስንኙ እንደኛው ግጥም በመጨረሻው ቤት አይመታም፤ የቃላቱ መነሻ ድምፅ ነው እየተመላለሰ የሚያያይዘው፤ ንባቡም ለዛሬ ሰው ይከብዳል፤ ለቾሰር የሚያደላው ሰው የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጉቦን በወርቅና በቀይ ልብስ አጊጣ ወደ ንጉሥ አደባባይ በምትመጣ በእመቤት መማለጃ አምሳል የሣለበት ክፍል ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። እኔ ግን ስለ ጎጆዎቹ በሚናገርበት ስፍራ መቆም እወዳለሁ። በዚያ በልጆች ብዛትና በጭሰኝነት ዕዳ የተያዘች እናት፣ ፈትላ ያተረፈችውን ለቤት ኪራይ፣ ከዚያ የተረፈውን ለልጆቿ ገንፎ ታደርጋለች፤ በክረምት ሌሊት ተነሥታ የሕፃኑን አልጋ ታወዛውዛለች፤ ሳይነጋ የበግ ፀጉር ታበጥራለች፤ ልብስ ትጥፋለች፤ ታጥባለች። ረኃቧን ጎረቤት እንዳያውቅባት፣ መለመንም አፍራ፣ ደኅና መስላ ትታያለች፤ ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ በጾም ቀን በሩብ ፔኒ የሚገዛ የባሕር ዛጎል ሥጋ እንደ ግብዣ ይቈጠራል። ይህን ለመጻፍ ሌሊቱን በዚያ ግድግዳ አጠገብ ማደር ያስፈልጋል።

ላንግላንድን ግን የዐመፅ ሰባኪ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። አራሹ ፒርስ ሥራ የጠሉትን ሰነፎች እንዲቀጣለት ረኃብን ራሱን ይጠራል፤ ረኃብም የአባካኙን ሆድ ጨምድዶ እንባውን ያወርደዋል፤ መከር ገብቶ ጥጋብ በሆነ ጊዜም ያደረ ጎመን አንበላም፣ ትኩስ ሥጋ ይቅረብልን የሚሉትን ሠራተኞች ባለቅኔው አጥብቆ ይገሥጻል። ሆኖም የዐመፁ ሰባኪ ካህኑ ጆን ቦል ለሕዝቡ በላከው መልእክት የፒርስን ስም ጠርቷል፤ የቾሰርን ተሳላሚ ግን ማንም ዐመፀኛ ሊጠራው ባልቻለም ነበር። (የቾሰር ወዳጅ ጆን ጋወርማ በላቲን በጻፈው መጽሐፍ ዐመፀኞቹን አህያና በሬ፣ ውሻና ዐሣማ አድርጓቸዋል፤ ይህ ፍርሀት ነው እንጂ ቅኔ አይደለም።)

«አራሹ ፒርስ» ከ50 በሚበልጡ የእጅ ጽሑፎች ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ደራሲውም ዕድሜውን ሙሉ እያረመው ቢያንስ ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ መልክ ጽፎታል። ከዐመፁ በኋላ እንደ ተጠናቀቀ በሚታመነው በመጨረሻው ቅጂ፣ ፒርስ ከካህን ጋር ተከራክሮ የተሰጠውን የምሕረት ደብዳቤ በቍጣ የቀደደበት ዝነኛ ትዕይንት ወጥቷል። ባለቅኔው ስሙ ከዐመፀኞች ጋር እንዳይነሣ ፈርቶ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ስለ ጎጆዪቱ እናት የሚናገረው ክፍል በቀደሙት ቅጂዎች የለም፤ ሊቀ ጳጳሳት ከታረደና ሽማግሌ ልጅ ሳይቀር ድኻን በጥርጣሬ ማየት ከጀመረ በኋላ፣ እርሱ አዲስ አድርጎ የጨመረው ይህንኑ ነው።