ከሰይፉ በፊት ስሌቱ

በአሁኑ ወቅት ከብዙ ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ለመጫወት ውድ መሣሪያ መግዛትም ሆነ ልዩ ፕሮግራም መጫን የግድ አይደለም። ብራውዘር ያለው ስልክና የኢንተርኔት መስመር ከተገኘ፣ አንድ ተማሪ ወረታ ከተማ ተቀምጦ ወደ ጥንታዊት ሮም የውጊያ ሜዳ ሊገባና በሌላ አህጉር ከሚኖር ሰው ጋር ሊፋለም ይችላል። ጌምፎርጅ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያቀረበው «ግላዲያተስ» ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ጨዋታው ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚል አይደለም። የእኛ ጥያቄ፣ ተጫዋቹ የሚጫወትበትን ሕግ ያውቀዋልን? የሚል ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በገጹ ላይ ሰይፍና ጋሻ የያዘ ተዋጊ ይታያል። በሰርቨሩ ውስጥ ግን ያለው የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፤ ኃይሉ፣ ችሎታውና ቅልጥፍናው እያንዳንዳቸው በቁጥር ተመዝግበዋል። ተጫዋቹ ለፍልሚያ ሲነሣ ሰርቨሩ የሁለቱን ተዋጊዎች ቁጥሮች ያነጻጽራል፤ በዘፈቀደ የሚወጣ ዕጣ ይጨምርበታል፤ ከዚያም ውጤቱን ይልካል። ፍልሚያው በሚካሄድበት ቅጽበት የተጫዋቹ እጅ የሚሠራው አንዳችም ነገር የለም። በመስመሩ የሚተላለፈው በአብዛኛው ጽሑፍና ትንንሽ ሥዕል በመሆኑ፣ ጨዋታው ደካማ በሆነ ኢንተርኔት እንኳ ይሠራል። ይህ ብልኃት ሊደነቅ የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ አሠራር የሚከተለው ፍሬ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሁለት እኩል ተዋጊዎች ተጋጠሙ፤ የእያንዳንዳቸው የማሸነፍ ዕድልም ግማሽ ነው እንበል። አምስት ጊዜ በተከታታይ የመሸነፍ ዕድል 1/32፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1,000 ተጫዋቾች አምስት አምስት ጊዜ ቢፋለሙ 31 ያህሉ ይህ ዕጣ ይደርሳቸዋል። ከእነርሱም አንዱ «ስድስተኛው እንኳ የእኔ ነው» ብሎ ሌሊቱን ሊቀጥል ይችላል። ዕጣው ንጹሕ ከሆነ ግን ያለፈው ሽንፈት ካሣ የለውም፤ የስድስተኛውም ዕድል ያው ግማሽ ነው። ፕሮባቢሊቲን ተምሮ ፈተና ያለፈ ተማሪ በጨዋታው ፊት ይህን ከረሳ፣ ትምህርቱ ከደብተሩ አልወጣም ማለት ነው።

ሁለተኛው የጨዋታው አካል ሰዓት ነው። ለዘመቻ የሚያስፈልገው ነጥብ ሲያልቅ እስኪሞላ መጠበቅ ያስፈልጋል። በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ «ሩቢ» የተባለ መገበያያም አለ። ይህን የመሰሉ ጨዋታዎች ተጫዋቹን ራሳቸው እንዲጠብቅ ካደረጉት በኋላ፣ ከጥበቃው መገላገልን መልሰው ይሸጡለታል። ያልከፈለ ደግሞ በሰዓቱ ይከፍላል። በቀን 10 ጊዜ ለ3 ደቂቃ ብቻ ገጹን የሚከፍት ሰው በወር 15 ሰዓት ያጠፋል። እኛም «ነጥቡ ሞልቶ ይሆን?» እያልን ጥናታችንን ያቋረጥንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ይህ የፈቃድ ድክመት ብቻ አይደለም። ፈርስተርና ስኪነር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ የማታውቅ ርግብ ያለ ዕረፍት መጎንቆሏን እንደምትቀጥል አሳይተዋል። ከዘመቻ መልስ ምን ምርኮ እንደሚገኝ አለማወቃችንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የእውነተኛው ግላዲያተር ታሪክ ከዚህ የራቀ ነው። ከግላዲያተሮች ብዙዎቹ ባሮችና ምርኮኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 በጥንታዊቷ ኤፌሶን መቃብራቸው ተገኝቶ አጥንታቸው ተመርምሯል፤ በ2014 የወጣው ጥናትም ምግባቸው በአብዛኛው እህልና ጥራጥሬ እንደነበር አመልክቷል። ሮማውያን «ገብስ በሎች» ይሏቸው የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአጥንቶቹ በአንዳንዶቹ ላይ ቆስሎ የዳነ ስብራት ይታያል። ያ ስብራት ለመጠገን ሳምንታትና ወራት ወስዷል፤ በጨዋታው ግን ቁስል በደቂቃዎች ይሽራል።

ጊዜን መግዛት የማይቻልበትን ሥራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በፎገራ ወረዳ የምትገኘውን ቁሐር ሚካኤልን እንውሰድ። ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት በዚያ ሜዳ ሩዝ የዘራ ገበሬ ወራትን ይጠብቃል፤ ጥበቃውን የሚያሳጥርለት ሩቢ የለም። ነገር ግን የሚጠብቀው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጥበቃውንም ሆን ብሎ የፈጠረበት ሻጭ የለም።

ጨዋታም ቢሆን ሕጉ ገሃድ የሆነ አለን። ገበጣ የሚጫወት ልጅ መሬት ምሶ ጠጠር ይደረድራል። ጠጠሩ ሁሉ በሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ነው፤ ዕጣ የለም፤ የተሰወረ ቁጥር የለም። የተሸነፈ ሰው ለምን እንደተሸነፈ ጠጠሩን መልሶ በመቁጠር ሊያውቅ ይችላል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የገበጣን በርካታ ዓይነቶች መመዝገባቸውም የአገራችን ልጆች ሕግ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ሕግ አውጪም እንደነበሩ ያስገነዝበናል።

«ጨዋታው ወዳጅ ያፈራል፣ ስሌት ያስተምራል» የሚሉን ይኖራሉ። ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከቁጥጥር የወጣ የጨዋታ ልማድን ሲመዘግብ፣ ችግሩ በአብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወራት ሊታይ እንደሚገባ ገልጿል፤ የተጫወተ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። እኛ የምንለው ስሌቱን የሚማረው የሚያሰላ ተጫዋች ብቻ ነው የሚል ነው።

ስለሆነም ለአንባብያን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ግላዲያተር ያላችሁ የ100 ፍልሚያ ውጤት በደብተር መዝግቡ፤ ከስንት አሸነፋችሁ? በአጠገቡም ያጠፋችሁትን ደቂቃና ገንዘብ ጻፉ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ደግሞ ሁለት ቁጥሮችን አነጻጽሮ ዕጣ የሚያወጣ ትንሽ ጨዋታ ሞክሩ፤ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው መመለስ ወይም አለመመለስ የእናንተ ውሳኔ ነው። የምትወስኑት ግን አውቃችሁ ይሆናል።