የብርሃን ቦይ፦ በባሕር ወለል የተበጠሰ ክር እስከ ገጠር ገበያ የሚሰማው ለምንድን ነው?

ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም በሳዑዲ ዓረቢያዋ ጂዳ ከተማ አቅራቢያ በቀይ ባሕር ወለል ላይ የተዘረጉ የኢንተርኔት ኬብሎች ተበጠሱ። ወዲያውኑ በፓኪስታን፣ በሕንድና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። ማይክሮሶፍት ኩባንያም በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚያልፉ መልእክቶች ሊዘገዩ እንደሚችሉ ለደንበኞቹ አስታወቀ።

አደጋው የመጀመሪያው አልነበረም። በየካቲት 2016 ዓ.ም በዚያው ባሕር በርካታ ኬብሎች ተቆርጠዋል። በየመን ሁቲዎች የተመታችው ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ሠራተኞቿ ጥለዋት ከወጡ በኋላ እየተንሳፈፈች መልሕቋን ስትጎትት ኬብሎቹን ሳትበጥስ እንዳልቀረች ተገምቷል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም በአይቮሪ ኮስት የባሕር ዳርቻ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ አቅራቢያ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ የምዕራብና የምሥራቅ አፍሪካ ሀገራትን አገልግሎት አስተጓጉሏል።

ነገሩ ከዐባይ ማዶና ከጣና ዙሪያ ለሚኖር አርሶ አደር የሩቅ ወሬ ይመስላል። ዳሩ ግን ዛሬ የእህል ዋጋ የሚጠየቀው፣ የማዳበሪያ ገንዘብ የሚከፈለውና በባዕድ ሀገር ያለ ልጅ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልከው በዚሁ መረብ ነው። በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው የኢንተርኔት መልእክት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚጓዘው በሳተላይት ሳይሆን በባሕር ወለል በተዘረጉ የመስታወት ክሮች ነው። ስለዚህ ክሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሰበርና እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ብርሃን በቦይ ሲፈስ

የመስኖ ውኃ ከግድቡ ተነሥቶ ማሳ ላይ የሚደርሰው ቦይ ስላለው ነው። የቦዩ ግራና ቀኝ ውኃውን ይዞ ወደፊት ይመራዋል፤ ቦይ ባይኖር ውኃው በየሜዳው ተበትኖ ይቀራል። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። በጨለማ የበራ ባትሪ ብርሃኑ እየሰፋ፣ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ብርሃንን ሩቅ ለማድረስ የሚይዘውና የሚመራው ቦይ ያስፈልገዋል። በሳይንሱ ዓለም ይህን የመሰለ ቦይ «የሞገድ መሪ» ሊባል ይችላል።

የብርሃን ቦይ ግድግዳ የሚሠራው ከአፈር ወይም ከሲሚንቶ ሳይሆን ከብርሃን ጠባይ ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ ዓይኑን የገለጠ ዋናተኛ ሽቅብ ቢመለከት ሰማዩን ያያል፤ ወደ ጎን አግድሞ የውኃውን ገጽ ቢመለከት ግን ሰማዩ ይሰወርና ገጹ እንደ መስተዋት የውኃውን ውስጥ መልሶ ያሳየዋል። ብርሃን በዝግታ ከሚጓዝበት ነገር ወደ ፈጣን መተላለፊያ ሊወጣ ሲል፣ ድንበሩን በቀጭን ማዕዘን ከነካው መውጣት አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህም ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ይባላል።

የኢንተርኔት ክር የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ክሩ ሁለት ዓይነት መስታወት አለው። በመሐል ብርሃኑ የሚጓዝበት እምብርት አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ብርሃን በጥቂቱ ፈጠን ብሎ የሚያልፍበት ልባስ ይገኛል። ለረጅም ርቀት በሚያገለግሉ ክሮች የእምብርቱ ውፍረት 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ሲሆን ከነልባሱ 125 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ይህም ከሰው ፀጉር ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ በእምብርቱና በልባሱ ድንበር ተይዞ፣ ክሩ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ አብሮ እየታጠፈ፣ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 500 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መስመር ለመጨረስ ከሰከንድ ሺኛ ክፍል ሁለት ተኩል ብቻ ይበቃዋል።

መስታወቱን ማጥራት

ብርሃን በጠባብ መንገድ ሊመራ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጄኔቫው የፊዚክስ ሊቅ ዣን ዳንኤል ኮላዶን ከቀዳዳ በሚፈስ የውኃ ጅረት ውስጥ ብርሃን ታስሮ ከውኃው ጋር ሲታጠፍ አሳይቷል። በ1854 ደግሞ ጆን ቲንዳል ይህንኑ በለንደን አሳየ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለመገናኛ አገልግሎት ሳይውል ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ምክንያቱ የመስታወቱ ቆሻሻ ነበር። በአፈር የተቆፈረ ቦይ ውኃውን ወደ መሬት እያሰረገ እንደሚያባክነው ሁሉ፣ የዚያ ዘመን መስታወት ብርሃኑን ይውጠው ነበር። በ1960ዎቹ በነበረው መስታወት 20 ሜትር ያህል ተጉዞ የሚቀረው ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነበር። በ1966 በእንግሊዝ ሀገር ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም ጥፋቱ የመስታወቱ ተፈጥሮ ሳይሆን በውስጡ የተቀላቀለው እንደ ብረት ያለ ባዕድ ነገር መሆኑን አመለከቱ። አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን ቢተርፍ ለስልክ እንደሚበቃም አሰሉ። ከአራት ዓመታት በኋላ የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከዚህ ግብ የተሻለ ክር ሠሩ። ካኦ በዚህ ሥራቸው በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ዛሬ በጠራ መስታወት ውስጥ ብርሃን 15 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ገና ግማሹ ይተርፋል። በባሕር ውስጥ በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ የሚቀመጡ ማጉያዎች የደከመውን ብርሃን እያበረቱ ውቅያኖስ ያሻግሩታል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ የተዘረጋው የመጀመሪያው የብርሃን ኬብል ሥራ የጀመረው በ1988 ነበር።

ባሕር በር የሌላት ሀገር መንገድ

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የባሕር ኬብል በራሷ ምድር አይወጣላትም። ከዓለም ጋር የሚያገናኛት የመስታወት ክር በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል በየብስ ተጉዞ የጠረፍ ጣቢያዎች ይደርሳል። ከጂቡቲና ከፖርት ሱዳን የሚነሡ ኬብሎች ደግሞ የሚያልፉት በዚያው አደጋ በበዛበት የቀይ ባሕርና የባብ ኤል መንደብ ጠባብ መተላለፊያ ነው። በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የዘለቀው ጦርነትም በዚያ አቅጣጫ ያለውን መስመር አስተማማኝነት ይፈታተናል።

ስለዚህ የኬብል ጉዳይ ከወደብ ጉዳይ ጋር ይመሳሰላል። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ በተዘጋ ጊዜ ሁሉም ነገር ይታጎልበታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም ከተበጠሱት ኬብሎች የአንዳንዶቹ ጥገና ለወራት የዘገየው የቴክኒክ ዕውቀት ጠፍቶ አልነበረም። ለጥገና የሚሄድ መርከብ በጦርነት ቀጣና ለመሥራት ዋስትናም ፈቃድም ስለሚያስፈልገው ነበር። በደቡብ በኩል በሞምባሳ የሚያልፈው የኬንያ መስመር ከቀይ ባሕር ውጭ ሌላ አማራጭ ይሰጣል፤ ነገር ግን የግንቦት 2016 ዓ.ም ብልሽት እንዳሳየው እርሱም ከአደጋ ነጻ አይደለም። መፍትሔው የተሻለውን አንድ መንገድ መምረጥ ሳይሆን መንገዶችን ማብዛት ነው። የሚበዙት መንገዶችም በአንድ ጠባብ ሥፍራ ተደርበው የሚያልፉ ከሆኑ ቁጥራቸው ብቻውን አያድንም።

ዶማ፣ ኤክስካቫተርና የተሳሳተ ሌባ

የባሕሩ አደጋ የሚያስደነግጥ ቢሆንም በየብስ ላይ ያለው ጉዳት ይበልጥ ቅርብ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የባሕር ኬብል ብልሽት ይመዘገባል፤ አብዛኛውም የሚደርሰው በዓሣ ማስገሪያና በመልሕቅ፣ ያለ ክፉ ሐሳብ ነው። በየብስም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር፣ የውኃ ቧንቧ የሚቀብር ቆፋሪ፣ አጥሩን የሚተክል ገበሬ ሳያውቅ ክሩን ይቆርጣል። አንድ ከተማ ሁለት መስመር ከሌለው በዚያ ቅጽበት ባንኩም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የቴሌብር ወኪሉም አብረው ከአገልግሎት ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። እርግጥ የኔትወርክ መጥፋት ሁሉ በክር መበጠስ የሚመጣ አይደለም፤ የመብራት መቋረጥ፣ የጸጥታ ችግርና አስተዳደራዊ ውሳኔም አገልግሎት ያቋርጣሉ። የክሩን ጉዳት የሚለየው ግን ባለማወቅ የሚደርስና በጥቂት ጥንቃቄ የሚቀር መሆኑ ነው።

ሌላው ጉዳት ስርቆት ነው። ቀድሞ የስልክ ሽቦ መዳብ ስለነበረ ሌባ ቆርጦ ይሸጠው ነበር። የብርሃን ክር ግን መስታወት ነው፤ ቀልጦ የሚሸጥ ነገር የለውም። መዳብ መስሎት የቆረጠ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው የማይረባ ፕላስቲክና መስታወት ሲሆን፣ ለሺዎች የተረፈው ጉዳት ግን ብዙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 464/1997 መሠረትም የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ አውታሮችን ማበላሸት ከባድ የወንጀል ቅጣት ያስከትላል።

ጥገናው የመዳብ ሽቦን እንደ መቋጠር ቀላል አይደለም። ባለሙያው በመጀመሪያ ወደ ክሩ የብርሃን ምት ይልካል፤ ከተሰበረው ቦታ ተንጸባርቆ የተመለሰበትን ጊዜ ለክቶ ብልሽቱ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ያውቃል። ከዚያም ቦታው ድረስ ሄዶ በአንድ ኬብል ውስጥ ያሉትን በአሥሮች የሚቆጠሩ ክሮች አንድ በአንድ አጽድቶ፣ ከፀጉር የቀጠኑትን እምብርቶች ፊት ለፊት አጋጥሞ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያጣብቃቸዋል። ጥቂት አቧራ ወይም የማይክሮ ሜትሮች መዛነፍ ብርሃኑን ያፈስሰዋል። ክሩ ባይበጠስ እንኳ በድንጋይ ተጭኖ በኃይል ቢታጠፍ፣ ብርሃኑ ድንበሩን የሚነካበት ማዕዘን ስለሚበላሽ እንደ ተሸነቆረ ቦይ ወደ ልባሱ ይፈስሳል።

ክሩ ጆሮም አለው

ድምፅም እንደ ብርሃን ሊመራ ይችላል። እ.ኤ.አ በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የሕመምተኛን ልብ ያዳመጠው፣ ድምፁ ሳይበተን በቱቦው ተመርቶ ወደ ጆሮው እንዲደርስ ነበር። የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ የተወለደው ከዚያ ነው። በውቅያኖስ ውስጥም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው የድምፅ ቦይ አለ። ከዚያ በላይ በሙቀት፣ ከዚያ በታች በግፊት ምክንያት ድምፅ ይፈጥናል፤ በመካከል ያለው ድምፅ ዘገምተኛ በሆነው ንብርብር ተይዞ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ሁለቱ ሞገዶች በአሁኑ ጊዜ በአንድ ክር ላይ ተገናኝተዋል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ወይም ከባድ መኪና ሲያልፍ የተቀበረው ክር በጣም በጥቂቱ ይለጠጣል፤ በውስጡ የሚመለሰው ብርሃንም ይለወጣል። በልዩ መሣሪያ ይህን ለውጥ የሚያነብቡ ባለሙያዎች ረጅሙን ክር እንደ ተከታታይ ጆሮ ይጠቀሙበታል። በተለያዩ ሀገራት የነዳጅ ቧንቧን ከቆፋሪዎች ለመጠበቅና የመሬት መንቀጥቀጥን ለማጥናት በሥራ ላይ ውሏል። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዎችን ከቀያቸው ላፈናቀለባት ኢትዮጵያ፣ አስቀድሞ የተዘረጋ ክር ለጥናትም ሊያገለግል መቻሉ ቸል የሚባል አይደለም። ኤክስካቫተር ወደ ኬብል ሲቀርብ አስቀድሞ ለማወቅም ይኸው ዘዴ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት መቀናጀት

ይሁን እንጂ በጣም ረቂቁ መሣሪያ ከመድረሱ በፊት የሚቀድም ቀላል ሥራ አለ። መንገድ፣ ውኃና ቴሌኮም የየራሳቸውን ጉድጓድ በየተራ ከመቆፈር ይልቅ ከመቆፈራቸው በፊት ካርታ ቢለዋወጡ፣ ክሩ ባለፈበት ቀበሌ ምልክት ቢቆምና ነዋሪው ምልክቱ ምን እንደሆነ ቢነገረው ብዙ ብልሽት ይቀራል። አርሶ አደሩ የመስኖ ቦይ የሚያልፍበትን ያውቃል፤ የጎረቤቱ ውኃ እንዳይቋረጥ ቦዩን አይደፍንም፣ ሲሸነቆርም ለውኃ አባት ይናገራል። የብርሃኑ ቦይ ግን ከመሬት በታች ስለሆነ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን እንኳ የሚያውቅ የለም።

በጂዳ አቅራቢያ የተበጠሰውን ኬብል ከኢትዮጵያ ሆኖ መጠገን አይቻልም። አማራጭ የባሕር መስመር ማብዛት የመንግሥትና የኩባንያዎች ሥራ ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። በየማሳው ዳር የተቀበረውን ክር ከዶማ ማዳን ግን ቆፋሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ብቻ ይፈልጋል፦ «ከዚህ በታች ምን አለ?»