በሰው ወርቅ አይደምቁም

በማኅበራችን ለሕክምና ትምህርት ቤት የምታመለክቱ ወንድሞችና እህቶች በዚህ ሰሞን ድርሰታችሁን እየጻፋችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አምካስ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ «ሐኪም መሆን ለምን ፈለጋችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠን ቦታ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር ተቆጥሮ፣ 5,300 ፊደል ብቻ ነው። የጓደኞቼን ረቂቅ ሳነብ ግን ብዙዎቻችን ይህን ቦታ የምንሞላው በአገር ቤት ድህነት መሆኑን ታዘብኩ።

የእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሐኪም በሌለበት ገጠር ስለታመሙት አያቴ ጻፍኩ። አያቴን በአካል ያየኋቸው ግን ሁለት ክረምት ብቻ ነው። የሕመማቸውን ታሪክ የሰማሁት ከአባቴ ነው።

እኔ ራሴ ያየሁት ሌላ ነው። በ11 ዓመቴ እናቴን ወደ ክሊኒክ እየተከተልኩ አስተረጉምላት ነበር። አንድ ቀን ሐኪሟ «እንዴት ነሽ?» ስትላት እናቴ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እኔም «ደህና ናት» አልኩ። እናቴ ሰላምታ መመለሷ ነበር እንጂ አላመመኝም ማለቷ አልነበረም። ሐኪሟ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች፤ እናቴም እኔን ላለማስደንገጥ ዝም አለች። ስኳር እንዳለባት የታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

«ታዲያ አስተርጓሚ መሆን አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔም ራሴን ጠይቄአለሁ። ጎበዝ አስተርጓሚ ቃሉን በትክክል ያደርሳል። ከ«ደህና ነኝ» በኋላ ደግሞ መጠየቅ፣ መመርመር፣ ለውሳኔውም ኃላፊነት መውሰድ ግን የሐኪም ድርሻ ነው። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው።

በገጠር ክሊኒክ ወረፋ ጠብቆ ያደገ ታሪኩን ይጻፍ፤ የራሱ ነው። እዚህ ያደግን ግን ያልኖርንበትን ችግር ለመግቢያ ባናውለው እላለሁ። የአገራችን ሰዎች ሕመም የእኛ ማመልከቻ ማሳመሪያ አይደለም። «ወላጆቼ ዶክተር ሁን ስላሉኝ» የሚለውም ምኞታቸውን እንጂ የእኛን ምክንያት አይናገርም።

ረቂቃችሁን ከመላካችሁ በፊት በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ «ይህን አይቻለሁ ወይስ ሰምቻለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እንዲህ ስጠይቅ ከመጀመሪያው ረቂቄ የተረፈው ስሜ ብቻ ነበር።